ማንያዘዋል ያበጠረው ፊልም

ካሣዬ ፊልም ከቴሌቪዥን ወደ ቪዲዮ ካሴት የሚቀዳው ከጫፍ እስከ ጫፍ ነው። አስተዋዋቂዋ የፊልሙን ስም ስትጠራ ይጀምራል፤ የመጨረሻው ጽሑፍ አልፎ ዜና እስኪገባ ድረስ ጣቱን ወደ ማቆሚያው አያስጠጋም። ከዚያ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው ይመልሰዋል፣ ሌላ ሰው በላዩ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በቢላ ጫፍ ይሰብራል፣ የፊልሙንና የተዋናይቱን ስም በአማርኛ ጽፎ ይለጥፍበታል። ሽኩና ቫቭ በሚባለው ሰፈር ባለው ቤቱ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ በሚሉት አሮጌው ከተማ ከሚሠራበት የእንጨት ሥራ ቤት በተራረፈ ጣውላ ራሱ የሠራው ቁም ሳጥን አለ። ከላይ እስከ ታች የአረብኛ ፊልም ነው፤ የሚዘፈንበት፣ የሚለቀስበት፣ ሁለት ሰዎች አንድ ቃል ሳይነጋገሩ ቀርተው ዕድሜ ልካቸውን የሚጸጸቱበት ፊልም።

እነዚህ ፊልሞች በቴሌቪዥን የሚታዩት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀኑ ሲረዝም ችግር የለም፤ ፀሐይ ጠልቃ የቅዳሜ ሰንበት ሳይገባ ያልቃሉ። ቀኑ ሲያጥር ግን ፊልሙ ሲጀምር ሰንበት ገብቶ ያገኘዋል። በካሣዬ ቤት ደግሞ ሰንበት ከገባ የሚሠራ ነገር የለም፤ እናቱ እማማ እማዋይሽ እዚያ ይኖራሉና።

እማማ እማዋይሽ ሰንበትን የሚያከብሩት እናታቸውና አያታቸው ባከበሩበት መንገድ ነው። እዚህ አገር መብራት በራሱ ጊዜ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት እንዳለ፣ የአይሁድ መምህራኑ ራቢዎቹም እንደፈቀዱት ብዙ ሰው ነግሯቸዋል። ሰምተዋል፤ አልተቀበሉም። ሰው አርፎ ዕቃው ከሠራ ዕረፍቱ የማን ነው ይላሉ። ስለዚህ ዓርብ ፀሐይ ዘንበል ስትል ግድግዳውን እየዳሰሱ ይሄዱና የቪዲዮውን ገመድ በገዛ እጃቸው ይነቅሉታል። ቅዳሜ ሲመሽ ካሣዬ መልሶ ሲሰካው የማሽኑ ሰዓት ዜሮ በዜሮ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። በየሳምንቱ ተንበርክኮ ሰዓቱን ያስተካክላል። በየሳምንቱ ለራሱ ያጉተመትማል። ከእናቱ ጋር ግን አይከራከርም።

ከሁሉ ፊልም ግን አንዱ ከሐሳቡ ወጥቶ አያውቅም። ካገር ቤት በመጡበት ዓመት፣ ገና አዲስ መጤዎች በሚያርፉበት ሆቴል ውስጥ ሳሉ፣ እንግዳ መቀበያው አዳራሽ ተሰብስበው ያዩት ነው። አንድ የገጠር ወጣት የእናቱን አንዲት ጥቁር ላም በሌሊት ፈትቶ ይሸጥና በባቡር ወደ ከተማ ይሄዳል። እናትየዋ ጎህ ሲቀድ ወጥታ ባዶውን ገመድ ታገኛለች። እዚህ ላይ ሽማግሌዎቹ ሰንበት ሊገባ ነው ብለው ቴሌቪዥኑን አስዘጉት። ሴቶቹ ዓይናቸውን እየጠረጉ ተነሡ። እማማ እማዋይሽ ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በየጊዜው፣ ምግብ እየበሉም ሆነ ሐኪም ዘንድ ወረፋ እየጠበቁ፣ ድንገት «ያ ፊልም እንዴት ሆነ ይሆን?» ይላሉ። ካሣዬም የሚጠይቀው ያንኑ ነበር፤ ልጁ ወደ እናቱ ተመለሰ? እናቱስ ይቅር አለችው?

ዘንድሮ ጥያቄው አጣዳፊ ሆነ። ሐኪሙ የእማማ እማዋይሽ ቀኝ ዓይን ከእንግዲህ እንደማይመለስ፣ ግራውም እየደከመ እንደሆነ ተናግሯል። ካሣዬ እናቱ ማየት ሳያቆሙ ያንን መጨረሻ ሊያሳያቸው ቆርጦ ተነሣ። በታኅሣሥ ወር በአንዱ ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ጋዜጣ ሲያገላብጥ የፊልሙን ስም የቴሌቪዥኑ ገጽ ላይ አገኘው። ነገ። ሰንበት ከገባ በኋላ።

ያለው አማራጭ ማንያዘዋል ብቻ ነበር።

ማንያዘዋልና ካሣዬ ሆቴል ውስጥ በር ለበር ነበሩ። አሁን ማንያዘዋል ሽኩና ቤት በሚባለው ሌላ ሰፈር ይኖራል፣ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል፣ ሰንበትንም እንደ ነገሩ ነው የሚይዘው። እሱም ፊልም ይሰበስባል። የሚሰበስበው ግን ድብድብ ነው። ሲቀዳ ጣቱን ሪሞቱ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ሰዎቹ መነጋገር ሲጀምሩ ያቆመዋል፣ ቡጢ ሲነሣ ይለቀዋል። «አበጥሬ ነው የማስቀምጠው» ይላል። አንድ ካሴት ላይ ስምንት ዘጠኝ ፊልም ያጭቃል። ካሣዬ እሱ ቤት ሄዶ ሲያይ ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ ይህ ሰውዬ ምን በድሎ ነው የሚመታው፣ ያኛውስ የማን ወንድም ነው እያለ ይጠይቃል። ማንያዘዋል ምን አገባህ ይለዋል። ማንያዘዋል በተራው ካሣዬ ቤት ሲመጣ ዘፈን ሲጀመር ያንቀላፋል፤ ሲነቃ ለቅሶው አላለቀም እንዴ ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ሲነዛነዙ ዓመታት አልፈዋል።

ያን ሐሙስ ካሣዬ ከሥራ እንደወጣ አዲስ ካሴት፣ ከነላስቲኩ፣ ይዞ ሽኩና ቤት ሄደ። ነገሩን አስረዳው። ሲጀምር ተጫነው፣ ከዚያ ሪሞቱን አስቀምጠህ ሂድ፣ ብትፈልግ ተኛ፣ አትንካው አለው። ይህንኑ በር ላይ ደገመለት፤ ደረጃ ከወረደ በኋላም ቀና ብሎ ደገመው። ማንያዘዋል ሕፃን መሰልኩህ እንዴ፣ እሺ አልኩህ እኮ አለ። ካሣዬ ወደ ቤቱ ሲመለስ ኅሊናው ትንሽ ከበደው። ግን የማንያዘዋል ማሽን ሰንበት መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም ብሎ ራሱን አጽናና።

ቅዳሜ ሰማዩ ላይ ከዋክብት እንደታዩ ሄዶ ካሴቱን አመጣ። ማንያዘዋል በሩ ላይ ሲያስረክበው ፈገግ ብሎ ነበር፤ ገና ታመሰግነኛለህ አለው። ካሣዬ ቤቱ ገባ፣ ቪዲዮውን ሰካ፣ የእናቱን ወንበር ቴሌቪዥኑ አጠገብ አስጠግቶ አስቀመጣቸው። ምን እንደሆነ ሲነግራቸው የእማማ እማዋይሽ ፊት በራ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ በደህነኛው ዓይናቸው ሊያዩ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

ከዚያ «መቼ ነው የቀዳኸው?» አሉ።

ካሣዬ ሐሙስ ማለት ይችል ነበር። በአፉ አልመጣለትም።

«ትናንት ነው፣ እማዬ። ማንያዘዋል ቤት።»

«በሰንበት?»

«የእኛ ማሽን አልሠራም። ተነቅሎ ነው ያደረው፤ አንቺው ነሽ የነቀልሽው።»

«የኛ ባይሠራ የሰው ሠራ» አሉ። «ለማን ብሎ ሠራ? ለኔ።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ተነሥተው ግድግዳውን እየዳሰሱ ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ካሣዬ ሪሞቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ውባንች ከማጀት ብቅ ብላ አየችውና ተመለሰች። እሺ፣ እማዬ ካላየች እኔ ልየው አለ በልቡ፣ ተቀመጠና ተጫነው።

ፊልሙ በጥፊ ጀመረ። ስም የለ፣ ሙዚቃ የለ፣ አንድ ወፍራም ሰውዬ አንዱን በጥፊ ሲያጮለው። ካሣዬ መሣሪያው የዘለለ መሰለው። ጥቂት ቆይቶ ተዋናይቱ መስኮት ላይ ተደግፋ፣ ትንፋሽ ስባ፣ ለመዝፈን አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ፈረሶች ይጋልቡ ጀመር። እንደገና ታየች፣ እንባዋ ዓይኗ ላይ ሞልቷል፤ አንድ በርሜል ተገለበጠ። ውባንች ከማጀት «ዘፈኑን ማን በላው?» አለች። አንድ ግቢ ውስጥ ሰዎች ተደባደቡ፣ ሸምበቆ ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፣ ወፍራሙ ሰውዬ ወደቀ፣ ወጣቱ ቁና ቁና እየተነፈሰ ቆመ። ከዚያ ስክሪኑ ነጭ በነጭ ሆኖ መንሿሿት ጀመረ። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ፊልም ካሣዬ አንድ ሻይ ጠጥቶ ሳይጨርስ አለቀ።

እሑድ፣ እዚህ አገር የሥራ ቀን ነው፣ ከሥራ ሲወጣ ቀጥታ ሽኩና ቤት ሄደ። መንገዱን ሁሉ የሚለውን ሲያሰላስል ነበር፤ ሲደርስ ግን የወጣለት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አትንካው አልኩህ።»

ማንያዘዋል ገና ከእንቅልፉ መነሣቱ ነበር። ከልቡ ግራ ገባው። ምን ጎደለው ብሎ ጠየቀ።

«ፊልሙ ጎደለዋ!»

«ፍሬው አለ እኮ» አለ ማንያዘዋል። «እኔ ቁጭ ብዬ፣ ሻይ እንኳን ሳልጠጣ፣ አንድ በአንድ ለቅሜ ነው የቀዳሁልህ። አሮጊት ሴት ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቀምጠህ ልታስለቅስ ነው? ለእማማ አስቤ እኮ ነው።»

«መጨረሻውስ? መጨረሻው የታለ?»

«መጨረሻውማ አለ። ሰውዬው ሞተ አይደል?»

«ከሞተ በኋላስ?»

«ከሞተ በኋላ ምን ይቀራል? ቁጭ ብለው ያለቅሳሉ።»

ካሣዬ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። እኔ ካንተ ካሴት ላይ ቡጢውን ቆርጬ ሰላምታውን ብቻ ባስቀርልህ ምን ትላለህ አለው። ማንያዘዋል ማን ያየዋል አለ። እሱን ነው የምልህ አለ ካሣዬ። ማንያዘዋል ግን የገባው አይመስልም፤ የባሰውን አዝኖ፣ ለሰው መልካም መሥራት ምን ያደርጋል የሚል ፊት ይዞ ተቀመጠ።

የማንያዘዋል ሚስት ፀዳል ልብስ ስታጥፍ ሁሉንም ሰምታለች። እሷ ፊልሙን ከባሏ ጎን ተቀምጣ እስከ መጨረሻው አይታዋለች፤ እሱ ጣቱን ሪሞቱ ላይ ሲያደርግ ዓይኗን ከስክሪኑ አላነሣችም። ካሣዬን አይዞህ ወንድሜ አለችውና መንገር ጀመረች። ልጁ ጎህ ሲቀድ ደረሰ፤ እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ቀና ብላ አየችውና እጇን ራሱ ላይ አደረገች፤ አንድም ቃል አልተናገረችም።

«ደጃፍ አይደለም» አለ ማንያዘዋል። «ጉድጓዱ ጋ ነው፣ ውኃ ስትቀዳ። ደግሞ መጀመሪያ በጥፊ አጮለችው።»

«የት አባቷ ነው በጥፊ የመታችው? ዳሰሰችው እንጂ።»

«እጇ ሲወነጨፍ አላየሁም? ክንዱ ቆስሎ ደም እየፈሰሰው እንኳ አልማረችውም።»

«ክንዱ አልቆሰለም።»

ካሣዬ አንዴ ወደ እሷ አንዴ ወደ እሱ አየ።

«አንድ ፊልም፣ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጣችሁ ነው ያያችሁት» አለ። «መታችው ወይስ ዳሰሰችው?»

«መታችው።» «ዳሰሰችው።»

ካሣዬ ተነሥቶ ጃኬቱን ለበሰ። ፀዳል እስከ በሩ ሸኘችው፤ እማማ በሰንበት የተቀዳ ካሴት አላይም ማለታቸውን ሲነግራት፣ እኔ መጥቼ በአፌ ልንገራቸው አለችው። እሱ ተጠራጠረ፤ ያየሽውም በሰንበት ነው ብሎ መለሰላት። ግን ሌላ መላ አልነበረውም።

ማክሰኞ ወደ ማታ ግድም ባልና ሚስቱ መጡ። ካሣዬ ማንያዘዋልን ደረጃው ላይ ይዞ፣ አፍህን እንዳትከፍት፣ እሷ ትንገራቸው፣ አንተ ሻይህን ጠጣ ብሎ ቃል አስገባው። ገብተው እማማ እማዋይሽን ጉልበት ሳሙ። ካሣዬ ነገሩን ፈራ ተባ እያለ አቀረበ። ፀዳል ፊልሙን አይታዋለች፤ አዎ፣ በሰንበት ነው፤ ግን ካሴት አይደለም፣ ወሬ ነው።

እማማ እማዋይሽ አሰቡበት።

«ማየቷ የሷ ጉዳይ ነው» አሉ። «ወሬ ሥራ አይደለም። ደግሞ የምሰማው ማክሰኞ ነው። ንገሪኝ ልጄ።»

ፀዳል ነገረቻቸው። ካሣዬ ራሱ እንደዚያ ይነገራል ብሎ አልጠበቀም። ከተማው ውስጥ ልጁ እንዴት እንደተታለለ፣ አንዲት ዘፋኝ እንዴት እንዳዘነችለት፣ ሲመለስ በባቡሩ መስኮት ሜዳውን እያየ ያለውን፤ እናትየዋ በየማለዳው ያንን ባዶ ገመድ ጠቅልላ መልሳ እንደምትሰቅለው። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ውባንች ዓይኗን ጠረገች። ማንያዘዋል ጥፊው ሳይነሣ ሲታለፍ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ ግን ቃሉን ጠብቆ ሻይውን ጠጣ። ካሣዬ የእናቱን ፊት ያይ ነበር። አምስት ዓመት የጠበቁት ይኸው ደረሰ።

ፀዳል ጨረሰች። እማማ እማዋይሽ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሺ» አሉ። «ላሚቱስ?»

ፀዳል ካሣዬን አየችው። ካሣዬ ውባንችን አያት።

«የቷ ላም፣ እማማ?» አለች ፀዳል።

«የሸጣት ናታ። ጥቁሯ። ምን ሆነች?»

«ኧረ እማዬ» አለ ካሣዬ፣ «ልጁ ተመለሰ እኮ ነው የምትልሽ። ይህን ሁሉ ዓመት የምትጠይቂው ስለ ልጁ አልነበረም?»

«ስለ ልጁ ምን እጠይቃለሁ?» አሉ። «ልጅ እግር አለው፤ ሲከፋው ይሄዳል፣ ሲርበው ይመጣል። እሷ ግን ታስራ ነው የሄደች። የሚፈታት ሰው ካልሄደላት በምን ትመለሳለች?»

ካሣዬ እነሱም ከመንደራቸው ሲወጡ ላማቸውን ለጎረቤት ትተው እንደመጡ ትዝ አለው። እናቱ ስለዚያች ላም አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። አሁንም አላነሡም። ፀዳልን ብቻ ይጠብቁ ነበር፤ እሷ ግን አልያዘችውም። ስለ ላም የታየ ነገር ካለ ምናልባት ማጀት ገብቼ ይሆናል አለች፣ አፍራ።

ማንያዘዋል ብርጭቆውን አስቀመጠ። ካሣዬን አየ፤ ካሣዬ አላስቆመውም።

«ላሚቱ አለች፣ እማማ» አለ። «ነጋዴው ግቢ ነው ያለችው። ልጁ ሊያስመልሳት አጥር ዘሎ ገባ። ሦስት ሆነው መጡበት። አንደኛውን እንዲህ አድርጎ ጣለው፤ ሁለተኛው ዱላ ይዞ ከኋላው ሲመጣ፣ ልጁ የታሰረችበትን ገመድ በጩቤ በጠሰው። እሷ ሆዬ ዞር አለችና በቀንዷ ሰውየውን ገንዳ ውስጥ ከተተችው።»

«ቀንዷ እንዴት ያለ ነው?»

«ወደ ኋላ የተቆለመመ።»

«ከስታ ነበር?»

«ትንሽ ጎኗ ገብቷል። ግን ደህና ናት። ሮጣ ወጣች፣ እሱ ተከተላት። ከዚያ ሸምበቆው ውስጥ ሲታኮሱ እሷ ከኋላ ቆማ ሣር ትግጣለች፣ ጅራቷን እያወዛወዘች። ተኩሱ አላስደነገጣትም።»

«ከብት ሲርበው ምንም አያስደነግጠው» አሉ እማማ እማዋይሽ። ወደ ፊት ጎንበስ ብለው ነበር። «ቤቷስ ገባች?»

«ገባች እንጂ። ከሱ ቀድማ ነው በሩን ያለፈች።» ወደ ፀዳል ዞሮ፣ «እናትየዋ ያኔ ነው ከጉድጓዱ ቀና ያለችው» አላት። ፀዳል በዚህ ሰዓት ልትከራከረው አልፈለገችም።

እማማ እማዋይሽ ወንበራቸው ላይ ደገፍ አሉ። «ተባረክ ልጄ» አሉ። «ዓይንህ የሚያይ ዓይን ነው።»

ማንያዘዋል ደስ ብሎት ካሣዬን አየው፤ አላልኩህም የሚል አስተያየት። ፊልሙን የቆራረጠው ሰው ተመረቀ። ካሣዬን ከሁሉ የከነከነው ደግሞ ያ ድብድብ ካሴቱ ላይ መኖሩ ነው። ቅዳሜ ማታ ቁጭ ብሎ አይቶታል። ግቢውንም፣ ገንዳውንም፣ ሸምበቆውንም አይቷል። ላም ማየቱን ግን ሊያስታውስ አልቻለም፤ ያን ጊዜ ይፈልግ የነበረው የጎደለውን ዘፈን ነበር።

«ልጁስ፣ እማዬ?» አለ በመጨረሻ። «እናቱ ትምታው ትዳስሰው ሳታውቂ ይበቃሻል?»

«ላሚቱ ከገባች እሱ የት ይሄዳል?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ማንያዘዋል ፈረቃው ሲፈቅድለት ማክሰኞ ማክሰኞ ይመጣል። የእማማ እማዋይሽ ግራ ዓይን በፋሲካ ገደማ ፈጽሞ ደከመ፤ ቴሌቪዥኑ ለእሳቸው ድምፅና ብርሃን ብቻ ሆነ። ማንያዘዋል ካበጠራቸው ፊልሞች አንዱን ያነሣና ቡጢውንም፣ ዝላዩንም፣ ፈረሱንም በእጁ ጭምር እያሳየ ይነግራቸዋል። እጁን እንደማያዩት ያውቃል፤ ቢሆንም ያሳያል። እማማ እማዋይሽ ከብት ካለበት ያስደግሙታል። ካሣዬ ጥግ ተቀምጦ ይሰማል። አንድ ማክሰኞ መታገሥ አቅቶት ጣልቃ ገባ፤ ያ ሰውዬ የተደባደበው እህቱ ስለሞተችበት ነው፣ እሱን ዘለልከው አለ። ማንያዘዋል መናገሩን አቆመ። እህቱንም ልናገር እንዴ አለ፣ ደከም ባለ ድምፅ፣ ከባድ ሸክም እንደተጫነበት ሰው።

«ተወው ካሣዬ» አሉ እማማ እማዋይሽ። «እሱ እንዳየው ይንገረኝ። አንተ ደግሞ ረቡዕ ትነግረኛለህ።»

በማግሥቱ ካሣዬ ከሥራ መጣ፣ እጁን ታጠበ፣ ከቁም ሳጥኑ ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሞ አንዱን መረጠ። ወንበሩን ስቦ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠና ከአስተዋዋቂዋ ቃል ጀመረ። የተዋንያኑን ስም ነገራቸው፤ ቤቱ ምን እንደሚመስል፣ መጋረጃው ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ተዋናይቱ ደረጃውን ስትወርድ ምን እንደለበሰች። እማማ እማዋይሽ እሺ፣ እሺ እያሉ ሰሙ። ሠርጉ ሳይደርስ እሺታቸው ቀነሰ። አንገታቸው ወደ ትከሻቸው ዘንበል አለ፣ ትንፋሻቸውም ረጅም ሆነ።

ውባንች ከማጀት ብቅ አለች። «ተኝተዋል እኮ» አለችው በሹክሹክታ።

ካሣዬ በእጁ ዝም በይ አላት። ዘፈኑ ጋ ገና መድረሱ ነበር።